ናዚሃና የቃል ፈተናው

ናዚሃ ከቱኒዝያ ተነስታ ዑማን የገባች ጊዜ ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙ አልዘለለም ነበር። የዑማን መልማዮች ቱኒስ መጥተው፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሲመርጡ፣ እሷን የጠየቋት ሙቀት ትችል እንደሆነና ገጠር ትገባ እንደሆነ ብቻ ነው። ሁለቱንም እችላለሁ አለች። እንግሊዝኛዋን ማንም አልጠየቃትም። ዲግሪዋ ላይ ተጽፏል፤ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ከዚያ ወዲህ ከተራራው ሥር ባለች፣ የተምር ዛፍ በከበባት መንደር፣ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ስታስተምር ፀጉሯ ጣል ጣል እያለ ሸበተ። በፊት ያስተማረቻቸው አግብተው ወልደው፣ ዛሬ ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው "ቲቸር፣ ይቺም የእርስዎ ናት" እያሉ ያስረክቧታል። ባል ነበራት፤ ገና በተወለደችበት ከተማ በኬፍ ሳለች ተለያዩ፤ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ነገር በመንደሩ የጠየቃት የለም፤ እሷም ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ በቀር ለማንም አላወራች።

የምትኖረው እማማ ዘዊና ግቢ፣ ከሮማኑ ዛፍ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። እማማ ዘዊና ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ሁሉ ወደ ከተማ የሄዱባቸው ባልቴት ናቸው። ተከራዬ ይበሏት እንጂ የሚያዩዋት እንደ ልጅ ነው። ጠዋት ስስ ቂጣ በሳህን ከድነው ደፏ ላይ ያስቀምጡላታል። እሷም ማታ ማታ የስኳር ክኒናቸውን መዋጣቸውን ሳታይ አትተኛም፤ ካላየቻቸው ክኒኑን ለዶሮዎቹ እንደሚጥሉ ታውቃለችና።

ኬፍ የቀረላት አንድ ወንድሟ ሞንጂ ነው። አርብ አርብ ይደውላል።

"መቼ ነው ጠቅልለሽ የምትመጪው?" ይላታል።

"አላህ የጻፈው ቀን" ትለዋለች።

ወሬው በዚሁ ያልፋል። እመጣለሁ ብላው አታውቅም፤ እዚሁ እቀራለሁም ብላው አታውቅም።

አንድ ዓመት፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ ርእሰ መምህርቷ ራያ መምህራን ክፍል ገባችና ናዚሃ አጠገብ ተቀመጠች። ራያ በዕድሜ ከናዚሃ ታንሳለች፤ ሹመቷ ግን አክብሮት አላስረሳትም።

"ዜና ምን አለ፣ ኡስታዛ?" አለች ራያ።

"ደህና ነው፤ ምንም የለም። እናንተስ ዘንድ?"

"እኛም ዘንድ ደህና ነው፤ ምንም የለም።"

"ቤተሰቡስ? ልጆቹስ?"

"ሁሉም በጎ። ሌላስ ምን ይሰማል?"

"ሌላም የለም፤ በጎ ነው።"

ተምር ቀማመሱ። የዚያ አገር ደንብ እንዲህ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ ደህና ነው ይላል። ዜና፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ሰው ከተቀመጠና አንድ ነገር ከቀመሰ በኋላ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ነው የሚወጣው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሆዱን የሚዘረግፍ ሰው ያልተቀጣ ይባላል።

ከማዶው ጠረጴዛ የልጆች ደብተር ታርም የነበረችው የሒሳብ አስተማሪዋ ግብፃዊቷ ኢንሺራሕ ቀና ሳትል፣ "በዚህ አገር እኮ መርዶ እስኪነገር ሟቹ ተቀብሮ ይረሳል" አለች።

ራያ ፈገግ አለችና ወደ ናዚሃ ዞረች። "አንድ ትንሽ ነገር መጥታለች።"

ናዚሃ ደነገጠች። በዚያ መንደር ትንሽ ነገር ትንሽ ሆና አታውቅም።

"ከላይ መመሪያ ወርዷል" አለች ራያ። "ከውጭ የተቀጠረ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሁሉ የቋንቋ ፈተና ይቀመጣል። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር። በአራቱም የተቆረጠውን ደረጃ ማግኘት አለበት።"

"የቆየውም?"

"የቆየውም።"

"ያላገኘስ?"

ራያ የተምሩን ፍሬ በሁለት ጣቷ አሽከረከረችው። "ውሉ አይታደስም። ትምህርት ሲዘጋ ወደ አገሩ ይሸኛል።"

"መልካም፤ አላህ ያግራው" አለች ናዚሃ።

"እኔስ አልሐምዱሊላህ" አለች ኢንሺራሕ። "ሁለትና ሁለት በየትኛውም ቋንቋ አራት ነው።"

ናዚሃ ደንቡን አልጠላችውም። ልጅ የሚያስተምር ሰው የሚያስተምረውን ማወቁ ቢጣራ ምን ክፋት አለው? አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክለው የማይናገሩ አስተማሪዎች ከየአገሩ ሲመጡና ሲሄዱ አይታለች። ደግሞ አልፈራችም። ማታ ማታ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፣ ጻፈች፣ አዳመጠች። ለመናገሩ ግን አልተዘጋጀችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገረው ለኖረችው ነገር ምን ትዘጋጃለች?

ቀኑ ሲደርስ ማለዳ ተነስታ ወደ ዋና ከተማው መስቀጥ ወረደች። ሦስቱን በጽሑፍ ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ለቃል ፈተናው አንዲት ጠባብ ክፍል ገባች። ፈታኙ ቀይ ጢም ያለው ጎልማሳ ነው። ድምፅ መቅጃውን ከፈተና ካርድ ሰጣት፦ ለረጅም ጊዜ የጠበቁትን አንድ ነገር ይንገሩኝ።

ናዚሃ ጥቂት አሰበች። "ብዙ ነገር ጠብቄያለሁ" አለች ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። "ሁሉም በጊዜው ደርሷል። አመሰግናለሁ።"

ፈታኙ ጠበቀ። እሷም ጠበቀች።

"ትንሽ ቢጨምሩልኝ?"

"ምን እጨምራለሁ፣ መልካም ነው። እርስዎስ መንገዱ እንዴት ነበር?"

ሰውዬው ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም፤ አልተፈቀደለትም። ስለ ቤተሰቧ ጠየቃት፤ ደህና ናቸው አለችው። ስለ ሥራዋ ችግር ጠየቃት፤ ችግር የሌለበት ሥራ የለም፣ ያልፋል አለችው። ከዚያ ሁለቱም ሰዓቱ እስኪሞላ በጨዋ ደንብ ተቀመጡ።

ስትወጣ ልቧ ሞልቶ ነበር። ከአራቱ ያማረልኝ ይሄኛው ነው አለች ለራሷ። አንድ ቃል አልተሳሳተችም። የሰውዬውንም ጆሮ አላደከመችም።

ውጤቱ ሲመጣ በማንበብና በማዳመጥ ከተፈለገው በላይ፣ በመጻፍም ደህና አድርጋ አልፋለች። በመናገር ወድቃለች።

ኢንሺራሕ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፣ ጀርባው ላይ ይቅርታ የተጻፈ ይመስል። "መቅጃ ማሽኑ ነው የተሳሳተው። አንቺ እኮ በእንቅልፍሽ ነው እንግሊዝኛ የምታወሪው።"

አንድ ዕድል ይቀራታል፤ ፈተናው ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ይሰጣል። በሱም ካልሆነላት ኬፍ ነው። ሞንጂ ይህን ሲሰማ ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ መደበቅ አልቻለም። "ክፍልሽን ላሳድስ ነው" አላት። እሷም "አላህ ያመቻቸው" አለችው፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ግቢው ውስጥ ወጥታ፣ ከቦዩ ወደ ተምሮቹ የሚወርደውን ውኃ እያየች ብዙ ቆመች። ከዚህ ስትሄድ የአሮጊቷን ክኒን ማን ያያል? ጠዋት "ቲቸር" ብሎ ማን ይጠራታል? ኬፍ እኮ አሁን እንግዳ ናት።

ኢንሺራሕ ላለማምድሽ ብላ መጣች። የጥያቄ መጽሐፉን ይዛ ሮማኑ ሥር ተቀመጠች፤ እማማ ዘዊናም ሎሚያቸውን ለማድረቅ እያሰጡ አጠገባቸው ነበሩ። ኢንሺራሕ እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እየሰባበረች ታነበዋለች።

"በሕይወትሽ የከበደሽ ጊዜ የቱ ነው?"

"ያን ያህል የከበደኝ የለም" አለች ናዚሃ በእንግሊዝኛ።

ኢንሺራሕ ወደ ዐረብኛ ተመለሰች። "ባል ፈትተሽ፣ አገር ለቀሽ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት ስትቀቀይ ከርመሽ፣ ምንም አልከበደሽም?"

"ያልፋል።"

"አለፈ እንጂ። እንዴት አለፈ ነው የምልሽ?"

"በሰላም።"

ኢንሺራሕ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘጋችው። "አንቺ ሴትዮ፣ የጎደለሽ እንግሊዝኛ አይደለም። የዚህ አገር ሰው ሆነሽ ቀርተሻል። የኛን የማንሱራን ሰው እንዴት አደርክ ብትይው ከተረገዘበት ቀን ጀምሮ እስከ ሐሞት ጠጠሩ ይነግርሻል። ኬፎችስ እንዴት ናችሁ?"

"እኛም ወሬ እንወድ ነበር" አለች ናዚሃ፤ ሳታስበው ሳቀች።

እውነት ነው። የመጣች ሰሞን በእማማ ዘዊና ደጅ ቆማ፣ ሰላም ሳትል፣ ቧንቧው መሰበሩን፣ እንቅልፍ ማጣቷን፣ ልጆቹ እንዳልሰሟት አከታትላ ስታወርደው፣ አሮጊቷ ክንዷን ይዘው "ግቢ ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ" ብለዋት ነበር። ያን ጊዜ አፍራለች። ደንቡን የወደደችው ግን ቆይታ ነው። አባቷ መሞቱ በስልክ የተነገራት ቀን የመንደሩ ሴቶች መጥተው ዙሪያዋን ተቀመጡ። ምን ሆነሽ ያላት የለም። ምግብ አመጡ፣ ዕቃ አጠቡ፣ አብረዋት ዝም አሉ። በማግስቱም እንዲሁ። እንባዋ ሲያባራ እማማ ዘዊና ቀስ ብለው "ሌላስ ምን አለ፣ ልጄ?" አሉ፤ እሷም ያን ጊዜ ስለ አባቷ ነገረቻቸው። ያን ቀን ያቀፋትን ደንብ ዛሬ እንዴት ትጣለው?

"ምንድን ነው የሚጠይቋት?" አሉ እማማ ዘዊና።

ኢንሺራሕ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሎሚውን ማስጣት ተዉ።

"ለማያውቀው ሰው? በመጀመሪያው ጥያቄ? ፖሊስ ነው እንዴ?"

"ፈታኝ ነው፣ እማማ።"

"ፈታኝ ከሆነ መጽሐፍ ይጠይቃት። የሰው ሆድ ምን ያደርግለታል? እንዳትነግሪው፣ ልጄ። ሆድ ይፍጀው።"

"እንደ እርስዎ ምክር ከሆነማ" አለች ኢንሺራሕ፣ "ናዚሃን የምንጠይቃት ኬፍ ሄደን ነው።"

እማማ ዘዊና ወደ ሎሚያቸው ተመለሱ፤ ነገር ግን የተሰጣውን እየሰበሰቡ፣ የተሰበሰበውን እንደገና ሲያሰጡ ናዚሃ አየቻቸው።

በሳምንቱ አሥረኛ ክፍል ገባች። ከኢድ ዕረፍት የተመለሱበት ቀን ነው። ከፊት የምትቀመጠውን ሁሪያን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

"ኢድ እንዴት ነበር?"

"ጥሩ።"

"ማን መጣ?"

"ሰዎች።"

"ምን አደረጋችሁ?"

"ነገሮች።"

ናዚሃ አፏ ላይ የደረሰውን "ጎበዝ" መለሰችው። ስንት ዓመት ለእንዲህ ያለ መልስ ጎበዝ ብላለች፤ ስህተት የለበትምና። ሰላሳ ልጃገረድ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ምንም ሳይሳሳቱ፣ ምንም ሳይሉ ቁጭ ብለዋል። ባለ ቀይ ጢሙ ሰውዬ ትዝ አላት። ለካ እንዲህ ነበርኩ አለች። የራሷ መውደቅ እንደዚህ አላስደነገጣትም ነበር።

ወንበሯን ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ጎትታ መሃላቸው አመጣችና ተቀመጠች። ልጆቹ ተያዩ፤ ቲቸር ተቀምጣ አስተምራ አታውቅም።

"እኔ ልንገራችሁ" አለች በእንግሊዝኛ። "መንደራችሁ የገባሁ በሳምንቱ የቤቴ ውኃ ጠፋ። ባልዲና ሳሙና ያዝኩ። ቦዩ ላይ ያለውን መታጠቢያ ቤት አየሁና ገባሁ። የወንዶቹ መሆኑን ማን ነገረኝ?"

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ያዘ።

"ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሽማግሌ 'ሰው አለ' አሉ። እኔም 'እንደምን ዋሉ' አልኳቸው። እሳቸውም 'ደህና፣ አልሐምዱሊላህ' አሉኝ። ሌላ ምን ይሉኛል? ባልዲዬን ጥዬ ሮጥኩ።"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሁሪያ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷ በርበሬ መስሎ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ያ ሽማግሌ፣ አያቴ ነው" አለች በእንግሊዝኛ። "እሱ ሁልጊዜ ያወራል ይህን ታሪክ። እሱ ይላል፣ እኔ ራቁት፣ አሁንም ሰላምታ መለስኩ፣ ምክንያቱም ጨዋ ነኝ። እና ቲቸር፣ ባልዲው፣ ባልዲው አለ ቤታችን። ሰማያዊ። አያቴ አፍሯል ለመመለስ። ፍየላችን ትጠጣበታለች።"

ግሱ ሁሉ ተገልብጧል። ናዚሃ አላረመችም። "ከዚያስ?" አለች። ሁሪያ ስለ ፍየሏ ቀጠለች፤ ከኋላ ያለችው ልጅ ደግሞ የለም ፍየሏ የኛ ነበረች ብላ ገባች። ደወል ሲደወል ገና ክርክር ላይ ነበሩ።

ሁለተኛው ፈተና የደረሰው ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ነው። የዚህኛዋ ፈታኝ ሸምገል ያለች ሴት ናት። ካርዱ፣ አንድ ነገር ስላስተማረዎት ሰው ይንገሩኝ ይላል።

"ያስተማረኝ አባቴ ነው" አለች ናዚሃ። "መልካም ሰው ነበር።"

ቃሏ አለቀ። ሴትዮዋ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ታያታለች። አትቸኩልም። ናዚሃ እማማ ዘዊናን አሰበች፤ ፖሊስ ነው እንዴ ያሉትን። ከዚያ ልብ ብላ አየች፤ ይቺ ሴት ደጃፍ ላይ አልቆመችም። ከሩቅ አገር መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ድምፅ መቅጃ ይኑራት እንጂ የተቀመጠ ሰው ናት። ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ዜና ይነገረዋል።

"አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር" አለች። "ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ሬዲዮ ነበረው። እንግሊዝኛ የሚያስተምር ፕሮግራም ሲጀምር ዕንቁላል እየጠበሰም ቢሆን ይሮጣል። የሰማውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ዕንቁላሉ ሁልጊዜ ያር ነበር። እኔ እንግሊዝኛን የማውቀው ባረረ ዕንቁላል ሽታ ነው።"

ሴትዮዋ ቅንድቧን ወደ ላይ አደረገች። ናዚሃ ቀጠለች። አባቷ አንድ እንግሊዛዊ መንገደኛ ጣቢያው ድረስ እንዲመጣ ሲጠብቅ እንደኖረ፣ አንድ ቀን እውነትም መጥቶ "ሰዓቱ ስንት ነው?" ብሎ ሲጠይቀው በደስታ የባቡሩን ሰዓት ሳይሆን የራሱን ስምና ዕድሜ እንደነገረው አወራች። መሞቱን በስልክ እንደሰማች፣ በዙሪያዋ ዝም ብለው የተቀመጡትን ሴቶች አወራች። መሃል ላይ ሁለት ቦታ ግስ እንዳበላሸች ታውቋታል፤ ተመልሳ ለማስተካከል ግን አልቆመችም። ፈታኟ ሰዓት ሞልቷል ብላ እጇን ስታነሳ "አንድ ነገር ብቻ" አለችና ጨረሰች።

ስትወጣ ግንባሯን በመሐረብ እየጠረገች፣ ዛሬስ አበላሸሁት፣ አፌን መሰብሰብ አቃተኝ፣ አለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መምህራን ክፍል ውስጥ ሳለች ራያ በሩን ከፈተች። አልተቀመጠችም። "አልፈዋል" አለች።

"ኧረ ራያ" አለች ኢንሺራሕ፣ "መጀመሪያ ዜና ምን አለ ይባላል። ልትገድያት ነው?" ይህን ብላ ግን ከሁሉ በፊት ያለቀሰችው እሷው ናት።

እማማ ዘዊና ሲሰሙ "ታዲያ ምን ነገርሻት?" አሉ።

"ስለ አባቴ።"

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡ። "ደግ ሴት ትሁን" አሉ። "የሞተ ሰው ስም ለክፉ ሰው አይነገርም።"

አርብ ሞንጂ ደወለ። ማለፏን ስትነግረው "እንኳን ደስ አለሽ" አለ፤ ከዚያም "ክፍሉን እኮ ቀለም አስቀባሁት" አለ።

አላህ ያመቻቸው የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ወሬውን በዚያ ማሳለፍ ትችል ነበር፤ እሱም የለመደው ነው።

"ሞንጂ" አለች፣ "እኔ መቅረት እፈልጋለሁ። ያለፍኩ ስለሆነ አይደለም። ብወድቅም ኖሮ መቅረት ነበር የምፈልገው። አንተን ጠልቼ አይደለም፤ አገሬንም ጠልቼ አይደለም። ቤቴ እዚህ ሆኗል። እዚህ የሚጠሩኝ አሉ።"

ከኬፍ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፣ ከዚያ ምንም።

"ሞንጂ፣ አለህ?"

"አለሁ" አለ። "እኔ ይሄን አውቀው ነበር እኮ። ካፍሽ ሳልሰማው እንዴት ልተወው? እስክትነግሪኝ ድረስ ክፍሉን አላከራይም ብዬ ከሚስቴ ጋር ስንት ጊዜ ተጣልቻለሁ።" ከዚያ ደግሞ፣ "ትምህርት ሲዘጋስ?" አለ።

"እመጣለሁ። እስኪከፈትም እቆያለሁ።"

"እንግዲያው ቀለሙ በከንቱ አልቀረም።"

"ምን ዓይነት ቀለም ነው?"

"ቢጫ ነበር ያልኩት" ብሎ ጀመረ ሞንጂ። "ሻጩ ግን፣ ታውቂው የለ፣ ያ የጫማ ሰፊው የሐሙዳ ልጅ፣ ያ አንካሳው፣ እህቱ ጀንዱባ ከተማ ያገባችው..."

ናዚሃ ጫማዋን አወለቀች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና እግሯን ዘረጋች። "እሺ፣ ከዚያስ?" አለችው።